በጎጃም ክረምት ቤት ውስጥ ብስክሌት መለማመድ፦ ከመሣሪያ ምርጫ እስከ ዓባይ ዳገት

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መባቻ በጎጃም ብስክሌት ይዞ ለልምምድ መውጣት አስቸጋሪ ነው። ከእንጅባራ እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው ደጋ ዝናቡ በረዶ ይቀላቅላል፣ ከገጠር መንገዶች የሚመጣው ጭቃ አስፋልቱን ያንሸራትታል፣ ጉሙም ሲወፍር የጭነት መኪና አሽከርካሪ ብስክሌተኛውን የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ለሦስት ወር ያህል ያቋርጡና በበጋው ያካበቱትን አቅም አጥተው በመስከረም እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው የራሳቸውን ብስክሌት በመለማመጃ መሣሪያ ላይ አስረው ክረምቱን ቤታቸው ውስጥ ለመሥራት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። በተለይ ለማሳየት የምፈልገው የክረምቱ ዝናብም ሆነ በክረምቱ ውስጥ የሚውሉት አጽዋማት፣ ልምምዱን በአግባቡ ላቀደ ሰው እንቅፋት እንደማይሆኑበት ነው።

የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

መለማመጃዎች በሦስት ዓይነት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሮለር ነው፤ ብስክሌቱ ምንም ሳይታሰር በሦስት ተሽከርካሪ በርሜሎች ላይ ሆኖ ይነዳል። ሚዛን ለመጠበቅና እግርን ክብ አድርጎ ለማዞር ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል፤ ሆኖም ለጀማሪ የመውደቅ አደጋ ስላለው ከግድግዳ አጠገብ ወይም በበር መቃን መካከል መጀመር ያስፈልጋል። ሁለተኛው የኋላውን ቸርኬ ከመሬት አንሥቶ የሚይዝና ጎማውን ከአንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ብረት ጋር የሚያገናኝ ነው። ሦስተኛው የኋላው ቸርኬ ተፈትቶ ካቴናው በቀጥታ በመሣሪያው ጥርስ ላይ የሚገባበት፣ ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ጋር የሚገናኝ ዘመናዊ መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ትክክለኛና ጸጥተኛ መሆኑ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ለአካባቢያችን ቀዳሚ ምርጫ አድርጌ አላቀርበውም። ዋጋው ከብስክሌቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፣ ጭነቱን ለመቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንነዳቸው ባለ 6 ወይም ባለ 7 ማርሽ ብስክሌቶች የጥርሳቸው አሠራር ከእርሱ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው የሚስማማው ሁለተኛው ነው። እርሱም ጭነቱን የሚፈጥረው በማግኔት ወይም በታሸገ ፈሳሽ ሲሆን ሁለቱም ያለ መብራት ይሠራሉ። በማግኔት የሚሠራው ርካሽ ነው፤ በፈሳሽ የሚሠራው ድምፁ ዝቅ ያለ ከመሆኑም በላይ ፍጥነት ሲጨምር ጭነቱ በእጅጉ ስለሚጨምር በመንገድ ላይ ነፋስን ሰንጥቆ ከመሄድ ጋር ይቀራረባል። ገንዘብዎ ከፈቀደ ፈሳሹን ይምረጡ።

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ይፈትሹ። አንደኛ፣ የኋላ ቸርኬዎ በዳዶ የሚታሰር ከሆነ የመሣሪያው መያዣ ዳዶውን ሳያንሸራትት አጥብቆ መያዝ አለመያዙን ብስክሌቱን ወስደው በዓይንዎ ይዩ። ሁለተኛ፣ መሣሪያው የሚቀበለው የቸርኬ መጠን ከብስክሌትዎ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። ጎማዎ ጥርሳም የተራራ ጎማ ከሆነ ድምፁ ቤቱን ይሞላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ያልቃል፤ በኋላ በኩል ለክረምቱ ብቻ ልሙጥ ጎማ ማስገባት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በብየዳ ቤት የኋላ ጎማን የሚያነሣ ማቆሚያ አሠርተው የሚለማመዱ ወጣቶችም አሉ። ማቆሚያው ጭነት ስለሌለው እግርን ለማፍታታትና ፈጣን አዟዟርን ለመልመድ ብቻ ያገለግላል። ጭነት ለመፍጠር ሲባል ፍሬኑን አጥብቆ መንዳት ግን ፈጽሞ የማልመክረው ነገር ነው፤ የፍሬኑ ጎማና ቸርኬው እጅግ ይግላሉ፣ ያው ፍሬን ደግሞ በመስከረም ቁልቁለት ላይ ሕይወትዎን የሚጠብቅ ነው።

ቦታውና አየሩ

ሰውነት በልምምድ ጊዜ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ከአንድ አራተኛ አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በመንገድ ላይ ነፋሱ ይህን ሙቀት ይወስደዋል፤ በክፍል ውስጥ ግን ላብ ከቆዳ ላይ ሳይተን ይንጠባጠባል፣ የልብ ምት ያለ ምክንያት ይወጣል፣ ሰውየውም ደከምኩ ብሎ ያቆማል። ብዙ ሰዎች የቤት ውስጥ ልምምድ አይስማማኝም የሚሉት በዚህ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ። በመሆኑም ከመለማመጃው ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ነገር ጠንካራ ማራገቢያ ነው። ማራገቢያውን ከፊት ለፊት፣ ከደረት ትይዩ ያስቀምጡት።

በዚህ ረገድ ጎጃም ሁሉ አንድ አይደለም። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ የክረምቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ መስኮትና በር ፊት ለፊት ከፍቶ መሥራት በቂ ሊሆን ይችላል። 1,800 ሜትር አካባቢ ባለችውና የጣና እርጥበት በሚሰማባት ባሕር ዳር ግን ያለ ማራገቢያ ከባድ ልምምድ መሥራት ልፋቱን ያለ ጥቅም ያበዛዋል፤ እዚያ የሚኖር ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ቢጀምር ይሻለዋል። መብራት የሚጠፋበት ቀን ከሆነ የዕለቱን ከባድ ልምምድ ወደ ነገ አዛውረው ቀላሉን በመስኮት አጠገብ ይሥሩ።

ከመሣሪያው ሥር ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ ከታች ላሉት ጎረቤቶች የሚደረግ ግዴታ ነው። የኋላው ቸርኬ ከፍ ስለሚል ከፊተኛው ጎማ ሥር ጠፍጣፋ እንጨት አድርገው ብስክሌቱን ያስተካክሉ፤ አለዚያ ክብደትዎ ወደ ፊት እየሄደ እጅዎን ያደነዝዘዋል። በመሪውና በብስክሌቱ አግዳሚ ላይ ፎጣ መጣልም አይዘንጉ፤ ላብ ጨው ስላለበት ቡሎኖችንና ብረቱን ሳይታይ ያዝጋል።

አቀማመጥ

በመንገድ ላይ ብስክሌተኛ ሳያስበው ይነሣል፣ ይጠማዘዛል፣ ቁልቁለት ላይ እግሩን ያሳርፋል። በመለማመጃ ላይ ግን በአንድ ቦታ ተቀምጦ ያለማቋረጥ ስለሚያዞር ትንሿ የአቀማመጥ ጉድለት በጉልበትና በወገብ ላይ ቶሎ ትታያለች። መቀመጫው ላይ ሆነው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉና ፔዳሉን ወደ ታች ያውርዱት፤ ያን ጊዜ ጉልበትዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ የፊተኛውን የእግር መዳፍ ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፉ ጉልበትዎ ጥቂት ይታጠፋል፤ ትክክለኛው ከፍታ ይህ ነው። የጉልበት ሕመም ከፊት በኩል ከተሰማ መቀመጫው ዝቅ ብሏል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ በኩል ከሆነ ከፍ ብሏል። ማስተካከያውን በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አያድርጉት። በየ10 ደቂቃውም ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከመቀመጫው ተነሥተው ያዙሩ።

ጥረትን መለካት

የቤት ውስጥ ልምምድ ከመንገድ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ጥረትን በትክክል መቆጣጠር ማስቻሉ ነው። ለዚህም ውድ የኃይል መለኪያ የግድ አያስፈልግም። በፈሳሽ የሚሠራ መሣሪያ ላይ የጎማው ንፋስና የማጥበቂያው ቡሎን ዙር ሁልጊዜ እኩል ከሆኑ፣ መሣሪያውም ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ፣ በኋላ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ርካሽ የፍጥነት ቆጣሪ የጥረትዎ መለኪያ ይሆናል። ዛሬ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያሳየዎት ጥረት በሚቀጥለውም ሳምንት ያንኑ ያሳያል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ጎማውን መንፋትና መለካት ልማድ ይሁን።

የእግር አዟዟር ፍጥነትን ለማወቅ ቀኝ እግርዎ በ15 ሰኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። 22 ወይም 23 ከሆነ በደቂቃ 90 አካባቢ እየዞሩ ነው፤ ለተለመደው ልምምድ ተስማሚው ከ80 እስከ 95 ያለው ነው። የልብ ምትንም በደረት መለኪያ፣ ካልሆነም ጣትን በአንገት ሥር ላይ አድርጎ በዚሁ መንገድ መቁጠር ይቻላል።

የጥረት ደረጃዎችን ለመለየት አንድ ፈተና ይውሰዱ። ለ15 ደቂቃ በደንብ ከሞቁ በኋላ፣ ሳይቀንሱ ሊጨርሱት በሚችሉት ከፍተኛ ጥረት ለ30 ደቂቃ ይንዱ። የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች አማካይ የልብ ምትና አማካይ ፍጥነት የጽናት ጣሪያዎ ናቸው፤ በየክፍለ ልምምዱ የምንመለስበት ቁጥር ይህ ነው። የኃይል መለኪያ ያለው ሰው የ20 ደቂቃ ፈተና ወስዶ አማካዩን በ0.95 ያባዛል። በፈተናው የተለመደው ስሕተት በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች መጋለብ ነው፤ እስከ አሥረኛው ደቂቃ ድረስ «ከዚህ በላይ እችላለሁ» የሚል ስሜት ሊኖርዎት ይገባል።

ከባሕር ወለል አጠገብ በሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጁ መርሐ ግብሮች ላይ የሚገኙ የኃይል ቁጥሮችን እንዳሉ አይቅዱ። በደጋችን የኦክስጅኑ መጠን የሳሳ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ የሚጸና ኃይል ከዚያ ያንሳል። በባሕር ዳር የተፈተነ ሰውም ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ እንጅባራ ከሄደ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ይጀምር፤ ከተቻለም እዚያው በድጋሚ ይፈተን።

ቁጥር ለማይወድ ሰው ንግግር ይበቃዋል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያለ ችግር መናገር ከቻሉ ጥረቱ ቀላል ነው፤ ሦስት አራት ቃል ብለው መተንፈስ ካስፈለገዎት ወደ ጣሪያው ቀርበዋል፤ ከአንድ ቃል በላይ መናገር ካቃተዎት ከጣሪያው በላይ ነዎት።

የሳምንቱ አደረጃጀት

ቤት ውስጥ የሚለማመዱ ብዙ ሰዎች በየቀኑ እኩል ይደክማሉ፤ ቀላሉን ቀን ከሚገባው በላይ ያከብዱታል፣ በዚህም የተነሣ በከባዱ ቀን የሚያወጡት አቅም አያገኙም። አካል የሚጠነክረው ከባድ ጥረት ከተደረገ በኋላ በሚገኘው ዕረፍትና ምግብ ነው፤ ስለዚህ ከባድና ቀላል ቀናት መፈራረቅ አለባቸው። ለሚጾም ሰው ይህ ፍርርቅ በሳምንቱ ውስጥ ቀድሞ ተሠርቶ ይገኛል፦ ረቡዕና ዓርብ ዕረፍት ወይም ቀላል ልምምድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከባድ፣ ቅዳሜ ረጅም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ስሜትዎ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀላል፣ ሰኞ ሙሉ ዕረፍት። ለጀማሪ ሦስት ቀን በቂ ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ።

የማክሰኞው ልምምድ በጽናት ጣሪያ ላይ የሚሠራ ነው። ከ15 ደቂቃ ማሞቂያ በኋላ 10 ደቂቃ ከጣሪያው ጥቂት ዝቅ ባለ ጥረት፣ 5 ደቂቃ ቀላል፣ ይህንንም ሦስት ጊዜ ይደግሙታል፤ ከሳምንታት በኋላ ዙሩ ወደ 15፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ያድጋል። የሐሙሱ አጭርና ብርቱ ነው፤ 4 ደቂቃ ከጣሪያው በላይ፣ 4 ደቂቃ ቀላል፣ አራት ጊዜ። አራተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ፍጥነት ካልተነዳ የመጀመሪያው ከመጠን በላይ ነበር። ቅዳሜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ንግግር በሚያስችል ጥረት ይነዳል። በመለማመጃ ላይ እግር የሚያርፍበት ቁልቁለት ስለሌለ ይህ ጊዜ በመንገድ ላይ ከሚደረገው ረዘም ያለ ጉዞ ጋር የሚነጻጸር ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥን ግን ለማንም አልመክርም።

ሦስት ሳምንት ጨምሮ በአራተኛው የልምምዱን መጠን በግማሽ መቀነስ ጥሩ ሥርዓት ነው። ሰኔ 15 የጀመረ ሰው 12 ሳምንታት የሚፈጀውን መርሐ ግብር በመስከረም መባቻ ይፈጽማል፤ ስምንተኛውና ቀላሉ ሳምንትም ነሐሴ 4 ጀምሮ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ይውላል።

ጾምና ምግብ

የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5፣ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በመሆናቸው ከክረምቱ ረዘም ያለ ጊዜ ይይዛሉ። እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ድረስ እህልና ውኃ የማይቀምስ ሰው ጠዋት ከባድ ልምምድ መሥራት የለበትም፤ በላብ የወጣው ውኃ ለሰዓታት ሳይተካ ይቆያል፣ ራስ ምታትና ማዞርም ያስከትላል። በ9 ሰዓት በልቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ መሥራት፣ ከዚያ በኋላም እንደገና መመገብ ሁለቱንም ያስማማል። ቀላል ልምምድ ከሆነ ከመመገቢያው ሰዓት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ሊሠራ ይችላል።

ከልምምድ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የሚበላው ነገር ስታርች የበዛበት፣ ቅባት ያነሰበት ይሁን። በሶ በዚህ ረገድ ከብዙ የታሸጉ ምግቦች ይመረጣል፤ የተቆላ ገብስ ስለሆነ ኃይሉ በሚገባ ይዘልቃል፣ በውኃ በጥብጠው ጥቂት ማር ወይም ስኳርና ቁንጥር ጨው ቢጨምሩበት በልምምዱ መካከልም ይጠጣል። ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ልምምድ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳርነት ያለው ምግብ ያስፈልጋል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይሰጣል። ከልምምድ በኋላ ሽሮ፣ ምስር ወይም ባቄላ በእንጀራ መብላት ጡንቻው የሚጠገንበትን ፕሮቲን ያስገኛል፤ ጾመኛ ብስክሌተኛ ጥራጥሬውን በየገበታው ማስገባት እንጂ በአንድ ጊዜ ማብዛት አይጠበቅበትም። የሚጠጡትን የውኃ መጠን ለማወቅ ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዘኑ፤ የጎደለው አንድ ኪሎ ግራም አንድ ሊትር ገደማ ላብ ነው።

ትኩሳት፣ ወባ ወይም የደረት ሕመም ያለበት ሰው እስኪድን ድረስ አይሥራ፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበትም ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

ለዓባይ ዳገት መዘጋጀት

በጎጃም ያለ ብስክሌተኛ ሁሉ ልቡ የሚመኘው ዳገት ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ነው። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ1,300 ሜትር በላይ ያስወጣል፤ ጠንካራ አማተርም ቢሆን ከአንድ ሰዓት ተኩል ያላነሰ ጊዜ ያለ ዕረፍት ይወጣዋል። እንዲህ ያለ ዳገት በአጭር ግፊት አይወጣም፤ ከጽናት ጣሪያ በታች ባለ ጥረት ለረጅም ጊዜ መጽናትን ይጠይቃል። ከመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ጀምሮ ከፊተኛው ጎማ ሥር ያለውን እንጨት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉ፣ የቅዳሜውን ልምምድም በከባድ ማርሽ በደቂቃ ከ55 እስከ 65 ዙር 8 ደቂቃ፣ በቀላል ማርሽ 4 ደቂቃ እያፈራረቁ አራት ጊዜ ይሥሩት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን ይተወውና በተለመደው አዟዟር ይቀጥል።

ሌላው የሸለቆው ፈተና ሙቀቱ ነው። ከደጀን ብርድ ወርዶ ከድልድዩ ዳገቱን የሚጀምር ደገኛ ዳገቱን ሳያጋምስ በሙቀቱ ይሸነፋል። ለዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀላሉን ልምምድ ለ40 ደቂቃ ማራገቢያውን አጥፍቶ፣ ውኃ እየጠጡ መሥራት ሰውነትን ያለማምዳል፤ ማዞር ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማ ወዲያው ማቆም ይገባል። በከባድ ልምምድ ቀን ግን ማራገቢያው አይጠፋም።

ወደ መንገድ ሲመለሱ

ልሙጡን ጎማ አውጥተው የመንገዱን ይመልሱ፤ በመለማመጃ የጋለ ጎማ ጎኑ ስለሚሰነጣጠቅ በእርሱ ቁልቁለት መውረድ አደገኛ ነው። የኋላውን ዳዶ በመፍቻ በደንብ ያጥብቁ፣ ካቴናውን ጠርገው ይቀቡ፣ የፍሬኑን ጎማ ውፍረት ይዩ። እግር ከክረምቱ ጠንክሮ ቢወጣም፣ ማጠፍን፣ ፍሬን መያዝንና ሚዛንን መለማመጃ ስለማያስተምር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጉዞዎች በሜዳማው መንገድ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ ወይም ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ባለው መስመር፣ ተሽከርካሪ በማይበዛበት ማለዳ ያድርጉ፤ ወደ ዓባይ የሚወረደው ከዚያ በኋላ፣ ከአንድ ጓደኛ ጋር፣ ሲወርዱም ሁለቱን ፍሬኖች ይዞ በመልቀቅ እንጂ አንዱን ያለማቋረጥ በመጫን አይደለም።